ጋሎን፦ አንድ ስም፥ ብዙ ልክ

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ምክሩ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ተረቱ ራሱ ያልተናገረው አንድ ነገር በውስጡ አለ። ይኸውም ምክሩ የሚሠራው ቁናው አንድ ሲሆን ብቻ መሆኑ ነው። በትልቁ ቁና ተቀብሎ በትንሹ የሚሰጥ ሰው፥ ሁለቱንም «ቁና» ብሎ እስከ ጠራቸው ድረስ፥ ሐሰት ተናገረ ተብሎ ሊከሰስ አይችልም። ቃሉ እውነት ነው፤ ሥራው ግን ሌብነት ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በገጠር ገበያ ብቻ የሚደረግ የሚመስለን ብዙዎች ነን። በሥልጣኔ ገፍተዋል በሚባሉት አገሮች መስፈሪያ ሁሉ ተጣርቶና ተወስኖ ያደረ ነው እንላለን። ይህን አሳባችንን ለመፈተን ከጋሎን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ጋሎን የፈሳሽ መስፈሪያ ነው፤ ቤንዚን፥ ወተት፥ ቀለምና ውሃ ይሰፈርበታል። በአሜሪካ የሚኖር ዘመድ ስለ ቤንዚን ዋጋ ሲያወራ «በጋሎን ይህን ያህል» ይላል። በከተማችን የቀለም መደብር የቆመ ሰው «አንድ ጋሎን ነጭ ስጠኝ» ይላል። ሁለቱም ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ ይመስላሉ። ነገር ግን «ለመሆኑ ጋሎን ስንት ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «የትኛው ጋሎን?» ብለው መልሰው ካልጠየቁን በቀር፥ ትክክለኛ መልስ ሊሰጡን አይችሉም።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ አጭር ነው። የመስፈሪያ ስም መስፈሪያ አይደለም። ስሙን መስፈሪያ የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ልኩን የወሰነ ሕግ፥ ሕጉን የሚያስከብር መርማሪ፥ «የትኛው?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ። ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል ጉድለቱን ከኪሱ የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ በትንሽ በትንሹ የሚገዛው ሰው ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።)

ሁለቱ ጋሎኖች

በዛሬው ዘመን ፈሳሽ የሚሰፈርባቸው ሁለት ጋሎኖች አሉ። አንደኛው የአሜሪካ ጋሎን ሲሆን ልኩ 3.785 ሊትር ነው። ሁለተኛው የእንግሊዝ ጋሎን ሲሆን 4.546 ሊትር ይይዛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 0.76 ሊትር ያህል ነው፤ ይህም አንድ ተራ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ከሚይዘው ጥቂት ይበልጣል። በቃል ለመያዝ የሚፈልግ ሰው፥ 5 የእንግሊዝ ጋሎን ከ6 የአሜሪካ ጋሎን ጋር እኩል ነው ሊባል እስከሚቻል ድረስ እንደሚቀራረብ ያስታውስ።

ልዩነቱ በዚህ ብቻ ቢያበቃ መልካም ነበረ። ሁለቱም ጋሎኖች በ4 ኳርት፥ በ8 ፓይንት ይከፈላሉ። ከዚያ በታች ሲወርድ ግን መንገዳቸው ይለያያል። አሜሪካኖች ጋሎናቸውን በ128 የፈሳሽ አውንስ ሲከፍሉ፥ እንግሊዞች በ160 ይከፍሉታል። ከዚህም የተነሣ ታላቁ የእንግሊዝ ጋሎን ታናሽ አውንስ አለው፤ ታናሹ የአሜሪካ ጋሎን ደግሞ ታላቅ አውንስ አለው። የእንግሊዙ አውንስ 28.4 ሚሊሊትር፥ የአሜሪካው 29.6 ሚሊሊትር ነው። ስለዚህ «የእንግሊዝ መስፈሪያ ሁልጊዜ ይበልጣል» ብሎ በጅምላ የሚደመድም ሰው በጋሎን ቢያተርፍ በአውንስ ይከስራል።

በክብደትም ረገድ እንዲሁ ነው። አንድ የእንግሊዝ ጋሎን ውሃ 10 ፓውንድ ይመዝናል። አንድ የአሜሪካ ጋሎን ውሃ ግን 8 ፓውንድ ከሢሶ ያህል ነው። በአሜሪካ አንድ ፓይንት አንድ ፓውንድ ይመዝናል የሚል የቃል መያዣ አባባል አለ፤ ለእነርሱ መስፈሪያ በጣም የሚቀርብ ነው። ያንኑ አባባል ወደ እንግሊዝ ይዞ የሄደ ሰው ግን የእንግሊዙ ፓይንት አንድ ፓውንድ ከሩብ ስለሚመዝን ሒሳቡ ሁሉ ይፈርስበታል።

አንዱ ስም ከየት ተከፈለ?

ይህ መለያየት ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፥ አሜሪካኖች የእንግሊዞችን ጋሎን አበላሹት የሚል ግምት ሊያድርበት ይችላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

በእንግሊዝ አገር መስፈሪያን አንድ ለማድረግ የተደረገው ሙከራ እጅግ ጥንታዊ ነው። በ1215 የታወጀው ማግና ካርታ በመንግሥቱ ሁሉ ለወይን ጠጅ አንድ መስፈሪያ፥ ለጠላ አንድ መስፈሪያ፥ ለእህል አንድ መስፈሪያ እንዲኖር አዝዞ ነበር። ይሁን እንጂ ትእዛዝና ገበያ የተለያዩ ናቸው። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ እንኳ ጋሎን የሚባል ስም ያላቸው ሦስት የተለያዩ ልኮች ጐን ለጐን ይኖሩ ነበር። የወይን ጠጁ ጋሎን 231 ኢንች ኩብ፥ የጠላው ጋሎን 282 ኢንች ኩብ፥ የእህሉ ጋሎን 268.8 ኢንች ኩብ ነበረ።

ይህን ሰምተን በእንግሊዞች ልንስቅ አይገባም። በእኛም አገር ማር በጉንዶ፥ እህል በቁና፥ ጠላ በገንቦ ሲሰፈር ኖሮአል፤ የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና ጋር እኩል እንዳልነበረም የታወቀ ነው። እያንዳንዱ ንግድ የራሱን ዕቃ ይዞ ይነሣል፤ ዕቃውም ቀስ በቀስ መስፈሪያ ይሆናል። ሻጩና ገዢው በአንድ ሰፈር የሚኖሩ፥ ዕቃውንም በዓይናቸው የሚያውቁት እስከ ሆነ ድረስ በዚህ ብዙ ጉዳት አይደርስም። ጉዳቱ የሚጀምረው ሸቀጡ ሩቅ አገር ሲሄድና ቀረጥ ሰብሳቢ በመካከል ሲገባ ነው።

በእንግሊዝም የሆነው ይኸው ነው። ቀረጥ የሚከፈለው በጋሎን ስለ ነበረ፥ የመንግሥት ሰዎች ወይን ጠጁን በ231 ኢንች ኩብ እየሰፈሩ ያስከፍሉ ነበር። በ1688 ግን በለንደን ጊልድሆል በሚባለው የከተማው አዳራሽ የተቀመጠው፥ የሁሉ ምሳሌ ነው ሲባል የኖረው የወይን ጠጅ ጋሎን በጥንቃቄ ቢለካ፥ 224 ኢንች ኩብ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ለብዙ ዘመን «እንደ ጊልድሆሉ» ሲባል የነበረው 231 ከጊልድሆሉ ጋር እንኳ አልተስማማም ማለት ነው። ይባስ ብሎ በ1700 ባርከር የሚባል አንድ ነጋዴ ቀረጥ አጕድለሃል ተብሎ በተከሰሰ ጊዜ፥ በሕግ ማኅተም ያለበት የመንግሥት ጋሎን 282 ኢንች ኩብ ስለሚይዝ በዚያ ሊሰፈርልኝ ይገባል ብሎ ተከራከረ። በትልቁ ጋሎን ሲሰፈር የጋሎኑ ቍጥር ያንሳልና ቀረጡም ያንሳል። መንግሥት የሚጠቅሰው የማያሻማ ሕግ ስላልነበረው ክሱን ተወው።

ከዚህ በኋላ ነው በንግሥት አን ዘመን በ1707 ነገሩ በሕግ የተቈረጠው። ሕጉ የወይን ጠጁን ጋሎን ሲወስን፥ ታችኛው ዝርግ የሆነ፥ ከዳር እስከ ዳር 7 ኢንች ስፋትና 6 ኢንች ጥልቀት ያለው ክብ ዕቃ፥ ወይም 231 ኢንች ኩብ የሚይዝ ማናቸውም ዕቃ ነው አለ። የሒሳብ ተማሪዎች እዚህ ላይ ትንሽ ይቈዩ። የክቡ ስፋት 7 ከሆነ ግማሹ 3.5 ነው፤ 3.5 በራሱ ሲባዛ 12.25፥ ይህ በ22/7 ሲባዛ 38.5፥ ይህም በቁመቱ በ6 ሲባዛ በትክክል 231 ይሆናል። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው 22/7 በእንግሊዝ ሕግ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል ማለት ነው።

እንግዲህ የአሜሪካ ግዛቶች በ1776 ነጻነታቸውን ባወጁ ጊዜ ይዘውት የቀሩት ይህንን የንግሥት አንን የወይን ጠጅ ጋሎን ነበር። በመካከላቸውም ስምምነት አልነበረም። በ1830 የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የየጉምሩኩ ሚዛንና መስፈሪያ እንዲመረመር ባዘዘ ጊዜ፥ ሥራው የተሰጠው ፈርዲናንድ ሐስለር ለተባለ ከስዊስ አገር የመጣ የልክ ሊቅ ነበር። ሐስለር በየወደቡ ያሉት መስፈሪያዎች ብዙ እንደሚለያዩ አገኘ። በ1832 የገንዘብ ሚኒስቴሩ 231 ኢንች ኩቡን ጋሎን ለጉምሩክ ሁሉ አጸና፤ ከ1836 ጀምሮም ለየግዛቱ አንዳንድ የምሳሌ መስፈሪያ እንዲላክ ተደረገ።

እንግሊዞች ግን በዚህ መካከል አሳባቸውን ለውጠው ነበር። በ1824 ባወጡት ሕግ ሦስቱን አሮጌ ጋሎኖች ሽረው፥ በ62 ዲግሪ ፋራናይት ሙቀት 10 ፓውንድ የተጣራ ውሃ የሚይዝ አንድ አዲስ ጋሎን አቆሙ። ስለዚህ ልጅቱ የእናቷን አሮጌ ቀሚስ ለብሳ ስትቀር፥ እናቲቱ አዲስ አሰፍታ ለበሰች። ጋሎንን የለወጠችው አሜሪካ ሳትሆን እንግሊዝ ናት።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። አሜሪካ እስከ ዛሬ ድረስ በጋሎን ብትገበያይም፥ ጋሎኗ ራሱ የቆመው በሜትር ላይ ነው። ከ1959 ጀምሮ አንድ ኢንች በትክክል 2.54 ሴንቲሜትር ነው ተብሎ ስለ ተወሰነ፥ 231 ኢንች ኩብ ማለት በትክክል 3.785411784 ሊትር ማለት ነው። እንግሊዞችም ቢሆኑ ጋሎናቸውን 4.54609 ሊትር ብለው በሊትር ወስነውታል። ሁለቱ ተፎካካሪዎች የሚታረቁት በሦስተኛው ቤት ነው።

ስም ሲያሳስት

«ይህ ሁሉ ታሪክ ነው፤ ዛሬ ማንን ይጐዳል?» የሚል ሊኖር ይችላል። ጥቂት ምሳሌዎችን እንመልከት።

መጀመሪያ የመኪናን ነገር እንውሰድ። በአሜሪካም በእንግሊዝም መኪና በአንድ ጋሎን ስንት ማይል ይሄዳል እየተባለ ይነገራል። እንግሊዞች ዛሬ ቤንዚን የሚሸጡት በሊትር ሆኖ ሳለ ይህን አነጋገር አልተዉም። አንድ መኪና በእንግሊዝ ጋዜጣ «በጋሎን 30 ማይል» ተብሎ ቢወደስ፥ ያው መኪና በአሜሪካ ጋዜጣ «በጋሎን 25 ማይል» ነው። መኪናው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጋሎኑ ነው። በእኛ አቈጣጠር ሁለቱም በአንድ ሊትር 10.6 ኪሎሜትር፥ ወይም በ100 ኪሎሜትር 9.4 ሊትር ይሆናሉ። ሁለቱን ጋዜጦች ብቻ አንብቦ የእንግሊዙ መኪና ቈጣቢ ነው ብሎ የገዛ ሰው የተታለለው በመኪናው ሳይሆን በቃሉ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የሚገኘው ብዙ ወገኖቻችን ለሥራ ከሚሄዱበት ከባሕረ ሰላጤው አገር ነው። በተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች እስከ 2010 ድረስ ቤንዚን የሚሸጠው በእንግሊዝ ጋሎን ነበር፤ ከዚያ ዓመት ወዲህ በሊትር ሆነ። በዚያው አገር በየቤቱ የሚታደለው «ባለ 5 ጋሎን» የመጠጥ ውሃ ጠርሙስ ግን የሚይዘው 18.9 ሊትር ነው፤ ይህ ደግሞ የአሜሪካ ጋሎን ነው። የእንግሊዙ ቢሆን 22.7 ሊትር በሆነ ነበር። አንድ ሠራተኛ ጠዋት ቤንዚን ሲቀዳ አንዱን ጋሎን፥ ማታ ውሃ ሲያስመጣ ሌላውን ጋሎን ይጠቀም ነበር ማለት ነው፤ የሚጠራውም ሁለቱን በአንድ ስም ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ ይበልጥ ይከብዳል። በ1983 ካናዳ ከጋሎንና ከፓውንድ ወደ ሊትርና ወደ ኪሎግራም በምትሸጋገርበት ጊዜ፥ የኤር ካናዳ አንድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን ከሞንትሪያል በኦታዋ በኩል ወደ ኤድመንተን ለመብረር ተዘጋጀ። የነዳጁ ማሳያ መሣሪያ ስላልሠራ፥ በታንኩ ያለው ነዳጅ በዘንግ ተለክቶ በወረቀት ላይ ሒሳብ ተሠራ። የሚያስፈልገው 22,300 ኪሎግራም ነበር። ሊትሩን ወደ ክብደት ለመለወጥ የተጠቀሙበት ቍጥር ግን 1.77 ሆነ፤ ይህ ቍጥር አንድ ሊትር ነዳጅ ስንት ፓውንድ እንደሚመዝን የሚናገር ነው። በኪሎግራም ቢሆን 0.8 ያህል ነው። በዚህ ምክንያት አውሮፕላኑ ከሚያስፈልገው ነዳጅ ከግማሽ ያነሰ ይዞ ተነሣ። በሰማይ መካከል ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪዎቹ ያለ ሞተር እያንሳፈፉ ጊምሊ በሚባል ቦታ በቀድሞ የአየር ኀይል ጣቢያ አሳረፉት፤ በውስጡ የነበሩት 69 ሰዎች ሁሉ ተረፉ። ማባዛቱና መደመሩ አልተሳሳተም ነበር። የተሳሳተው ከቍጥሩ በስተጀርባ ያለው ስም ነው። ለእኛ ለተማሪዎች ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም፤ የፈተና ወረቀት ላይ መለኪያውን ሳይጽፍ ቍጥር ብቻ ትቶ የሚወጣ ተማሪ ማርክ ሲቀነስበት በከንቱ እንዳይመስለው።

በርሜል ስንል

ለቤታችን የሚቀርበው ምሳሌ ግን በርሜል ነው። በየግቢው ውሃ የምናጠራቅምበት የብረት በርሜል 200 ሊትር ያህል፥ ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ይይዛል። ይህን የብረት በርሜል አሜሪካኖች «ባለ 55 ጋሎን» ይሉታል፤ በአውስትራሊያ ደግሞ «ባለ 44 ጋሎን» ይሉታል። ቍጥሩ የተለያየው በየፊናው የሚሰፍሩበት ጋሎን ስለ ተለያየ ነው።

በሬዲዮ «የአንድ በርሜል ነዳጅ ዋጋ ይህን ያህል ዶላር ሆነ» ሲባል የምንሰማው ግን ይህ በርሜል አይደለም። የነዳጅ በርሜል 42 የአሜሪካ ጋሎን፥ ማለት 159 ሊትር ያህል ነው። ታሪኩም ጥሩ ነው። በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ነዳጅ ማውጣት በተጀመረ ጊዜ ዘይቱ በማናቸውም የእንጨት በርሜል እየተሞላ ይሸጥ ነበር። ገዢዎች ስለ ልዩነቱ አጕረመረሙ። በ1866 አምራቾቹ ተሰብስበው አንድ በርሜል 40 ጋሎን እንዲሆን፥ በመንገድ ለሚፈሰውና ለሚተነው ማካካሻ ደግሞ ለገዢው 2 ጋሎን እንዲጨመርለት ተስማሙ። የእኛ ባለ ሱቅ «ምርቃት» የሚለው መሆኑ ነው። ያች የ2 ጋሎን ምርቃት በዓለም ነዳጅ ገበያ ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ ገብታ ትኖራለች። የንግሥት አን የወይን ጠጅ ጋሎንም በ42 ተባዝታ፥ ነዳጅዋን ሁሉ ከውጭ የምታስመጣው አገራችን በምትከፍለው ሒሳብ ላይ ትታያለች። ስለዚህ የሬዲዮውን ዋጋ ሰምቶ በግቢው ያለውን በርሜል እያየ የሚያሰላ ሰው፥ በእያንዳንዱ በርሜል ከ40 ሊትር በላይ ይሳሳታል።

ጋሎንን የሚያሳምነው ምንድን ነው?

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ አሜሪካኖች በዚህ አሮጌ መስፈሪያ እንዴት ተማምነው ይገበያያሉ?» ሊል ይችላል። መልሱ መስፈሪያው መልካም ስለ ሆነ አይደለም፤ ጠባቂ ስላለው ነው።

በአሜሪካ የቤንዚን ማደያ በሚዛንና መስፈሪያ መርማሪዎች ይፈተሻል። መርማሪው በትክክል 5 ጋሎን የሚይዝ፥ አንገቱ ጠባብና ምልክት ያለበት የብረት መፈተኛ ይዞ ይመጣል። ከማደያው 5 ጋሎን ይቀዳል፤ ማለት 1,155 ኢንች ኩብ። ሥራ ላይ ያለ ማደያ ከዚህ በላይ ወይም በታች ከ6 ኢንች ኩብ በላይ ቢሳሳት አያልፍም። ይህም ከመቶ ግማሽ ያህል ነው። ጠባብ አንገት የተመረጠበትም ምክንያት አለው፤ ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ላይ ጥቂት ጉድለት ለዓይን አትታይም፥ በጠባብ አንገት ላይ ግን ያችው ጉድለት ከፍና ዝቅ ብላ ትታያለች። የጠጅ ብርሌ አንገት ምን ያህል እንደሚያጋልጥ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም።

ይህም ሆኖ ፍጹም አይደለም። ቤንዚን ሲሞቅ ያብጣል፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ከሺህ አንድ ያህል ይሰፋል። 1,000 ሊትር ቤንዚን ከ15 ዲግሪ ወደ 35 ዲግሪ ቢሞቅ 20 ሊትር ያህል ይጨምራል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው የሚነድ ነገር አልጨመረም። በትልልቅ ታንክ የሚገበያዩ ነጋዴዎች ይህን ስለሚያውቁ ሒሳባቸውን በአንድ በተወሰነ ሙቀት አስተካክለው ይሠራሉ። በአሜሪካ ማደያ የሚቀዳው ተራ ሰው ግን ቀዝቃዛም ሆነ ሙቅ 231 ኢንች ኩቡን ይቀበላል። በካናዳ ብዙ ማደያዎች ልኩን ወደ 15 ዲግሪ የሚመልስ መሣሪያ አላቸው። እዚህም ላይ የምናየው ያንኑ ነው፤ ብዙ የሚገዛው ራሱን ይጠብቃል፥ ጥቂት የሚገዛውን የሚጠብቀው ሕግ ብቻ ነው።

እኛስ?

አገራችን በ1963 ባወጣችው የሚዛንና የመስፈሪያ ዐዋጅ የሜትርን ሥርዓት ተቀብላለች፤ ቤንዚናችንም በሊትር ይቀዳል። በዚህ በኩል ከአሜሪካ ቀድመናል ብንል ውሸት አይሆንም። ነገር ግን ዐዋጅ ወጥቶ ሳለ ገበያው በዕቃ መስፈሩን አልተወም። ውሃውም ዘይቱም በጀሪካን ነው፤ ቀለሙ በጋሎን፥ ማጠራቀሚያው በበርሜል ነው። እነዚህ ሁሉ የዕቃ ስሞች ናቸው እንጂ የልክ ስሞች አይደሉም።

የጀሪካን ታሪክ ራሱ ይህን ያስረዳል። ይህ ዕቃ በ1930ዎቹ ዓመታት ለጀርመን ጦር የተሠራ ባለ 20 ሊትር የብረት ዕቃ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰሜን አፍሪካ በረሓ እንግሊዞች የራሳቸው ባለ 4 ጋሎን ስስ ቆርቆሮ እያፈሰሰ ቢያስቸግራቸው የጀርመኖቹን እየማረኩ ይጠቀሙበት፥ በኋላም አስመስለው ያሠሩት ጀመር። «ጄሪ» የሚለው እንግሊዞች ለጀርመኖች ያወጡት ቅጽል ስም ነው፤ «ጀሪካን» ያልነውም ከዚያ የመጣ ነው። አሜሪካኖች ያንኑ ዕቃ ባለ 5 ጋሎን አሉት፤ 20 ሊትር ግን 5.28 የአሜሪካ ጋሎን፥ ወይም 4.4 የእንግሊዝ ጋሎን ነው። ዛሬ በገበያ የምናገኘው ቢጫ ጀሪካን ከፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ቅርጹ ስለ ተመሳሰለ ልኩም ተመሳሰለ ማለት ግን አይደለም።

18.9 ሊትር የሚይዝ ዕቃ «20 ሊትር ነው» ተብሎ ቢሸጥ፥ ጉድለቱ 1.1 ሊትር ነው፤ ከመቶ ከአምስት በላይ ይሆናል። የአሜሪካ መርማሪ ከመቶ ግማሽ ሲጐድል ማደያውን አያሳልፍም፤ እኛ ከመቶ አምስት ሲጐድል «ያው ጀሪካን ነው» ብለን እንሄዳለን። አንድ ጀሪካን ዘይት ገዝታ በትንንሽ ጠርሙስ እየመነዘረች የምትቸረችር ሴት ትርፏ ምን ያህል እንደ ሆነ ያሰላ ሰው፥ ያች 1.1 ሊትር የልጆቿ ዳቦ ልትሆን እንደምትችል ይገባዋል። የጐደለባት ሴት ደግሞ ወይ ራሷ ትከስራለች፥ ወይም ጉድለቱን ወደ ደንበኞቿ ጠርሙስ ታወርደዋለች። ጉድለት እንዲህ እየወረደ መጨረሻ የሚያርፈው ከሁሉ ድኻ በሆነው ላይ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መፍትሔው እንደሚመስለው ሩቅ አይደለም። የ1824ቱ የእንግሊዝ ሕግ ጋሎንን የወሰነው በውሃ ክብደት ነው ብለናል። ያንኑ ዘዴ እኛም ሚዛን ባለበት ቦታ ሁሉ ልንሠራበት እንችላለን፤ የእኛ ደግሞ ከእነርሱ ይቀላል፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎግራም ያህል ይመዝናልና። ባዶውን ጀሪካን መዝን፤ እስከ አፉ ንጹሕ ውሃ ሞልተህ እንደ ገና መዝን፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀንስ። የቀረው ኪሎ ያህል ሊትር ይይዛል። የእህል ሚዛን ያለበት ሱቅ ሁሉ ይህን በአምስት ደቂቃ ሊሠራ ይችላል። ቀለም የሚገዛም ሰው «ጋሎን» የሚለውን ቃል ትቶ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሊትር ያንብብ፤ ሁለት መደብሮችን ሲያወዳድርም ዋጋውን ለሊትሩ አካፍሎ ያወዳድር። በውጭ አገር ለትምህርት የሚሄድ ጓደኛችን ደግሞ የሰማውን ጋሎን ሁሉ በቤተ ሙከራ መዝገቡ ላይ ከመጻፉ በፊት የማን አገር እንደ ሆነ ይጠይቅ።

የሕግ ተማሪዎች በገበያ ያለው መስፈሪያ ስለሚፈተሽበት ሥርዓት፥ የሳይንስና የምሕንድስና ተማሪዎች ስለ መፈተኛው አሠራር፥ የኤኮኖሚ ተማሪዎች ጉድለቱ በማን ላይ እንደሚያርፍ ቢያጠኑ፥ ከብዙ ትልልቅ አርእስት የበለጠ ለሕዝባችን የሚጠቅም ሥራ ይሆናል። ጋሎን ስምንት መቶ ዓመት ያህል ሕግ ሲወጣለት ኖሮ እስከ ዛሬ አንድ አልሆነም። ቃል ብቻውን መስፈሪያ መሆን እንደማይችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚለው ተረት እንዲሠራ ከተፈለገ፥ አስቀድሞ ቁናውን መመዘን ያስፈልጋል።